ድምፅ የሌለው ቆጣሪ

«አሁን ተጫኚው» አለ አባቷ።

ሚጣ አልተጫነችውም። የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች እንደገና አነበበች። አንድ ኮምፒዩተር ማበላሸት ማንንም ያጋጥማል። ይህ ትእዛዝ ከተሳሳተ ግን የሕንፃው ኮምፒዩተሮች በሙሉ እኩል ነው የሚሳሳቱት፤ ያኔ ደግሞ ተጠያቂው አባቷ ነው።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሰዉ ከምሳ ሊመለስ ነው።»

«ቆይ አባዬ። የተዘጋ ኮምፒዩተር ቢያጋጥመው ምን እንደሚያደርግ አልነገርኩትም።»

«ማንን?»

«ስክሪፕቱን፣ የጻፍኩትን ትእዛዝ ነዋ።»

ሁለት መስመር ጨመረች፤ የተዘጋ ካለ እለፈው፣ ሲከፈት ተመልሰህ ሞክር የሚል። ከዚያ ተጫነችው። የኮምፒዩተሮቹ ስም ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ይወርድ ጀመር፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን «ተጭኗል» የሚል ቃል ብቅ ይላል። አባቷ ወንበሩን ስቦ ተጠጋና ሲወርዱ አየ። ከሳምንት በላይ ይፈጅብኛል ብሎ የፈራው ሥራ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

በላይኞቹ ፎቆች የተለወጠ ነገር አልነበረም። በማንም ስክሪን ላይ አዲስ ነገር ብቅ አላለም፣ ድምፅም አልተሰማም። የተፈለገውም ይኸው ነበር።

ሚጣ የቤት ስሟ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት ቁመቷ እናቷን ቢያልፍም ይህን ስም የሚያነሣላት አልተገኘም። ትምህርት ቤት ደግሞ «ሲስተም» ይሏታል፤ የቀረች ቀን የክፍሏ ልጆች ስም የሚጠራውን መምህር «ዛሬ ሲስተም የለም» እያሉ ያስቁታል። ኮምፒዩተር የለመደችው ከአባቷ ነው። አባቷ የአንድ መድን ድርጅት ብቸኛ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ይጠራል፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ይጠራል፣ የውኃ ማፍያው ሶኬት ሲቃጠልም እሱው ይጠራል። በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ልጁን ቤት ከምትጎለት ብሎ ይዟት ይመጣ ነበር።

ያን ቀን የተጫነውን ቆጣሪ ያመጣው ሥራ አስኪያጁ ነው። ፕሮግራሙ ከጀርባ ሆኖ ነው የሚሠራው። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት አብሮ ይነሣል፤ ኪቦርዱና ማውሱ ለምን ያህል ጊዜ እንደተነኩ ይመዘግብና ለዋናው ኮምፒዩተር ይልካል። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሰው አያየውም። ሥራ አስኪያጁ አባቷን ለብቻው ጠርቶ «ሠራተኛው ባያውቀው ይሻላል፤ ካወቀ ያስመስላል» ብሎታል። አባቷን የጨነቀው እዚህ ላይ ነበር። ፍላሽ ይዞ በየጠረጴዛው ሲዞር፣ ሰው ከወንበሩ ሲያስነሣ፣ «ምን እየጫንክ ነው?» መባሉ አይቀርም። እሱ ደግሞ ሊዋሽ ሲል ጆሮው ይቀላል።

ሚጣ ጭንቀቱን ስትሰማ ሳቀች። «በኔትዎርክ የተገናኙ አይደሉ? ምን ያዞርሃል?» አለችው። ቁጭ ብላ ስክሪፕቱን ጻፈችለት። በዚህም አላበቃችም፤ ዓርብ ዓርብ ቁጥሮቹን ራሱ ሰብስቦ፣ ከብዙ ወደ ትንሽ ደርድሮ፣ የሥራ አስኪያጁ ስክሪን ላይ እንዲያስቀምጥ አደረገችው። ከዚያ ወዲያ ማንም እጁን ማንሣት አያስፈልገውም።

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሊያይ ወረደ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚሰማው።

«ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«አዎ።»

«ጎሽ። በትልቁ ዕረፍት ለቅርንጫፎቹም ትሠሪልናለሽ። የምስክር ወረቀት እጽፍልሻለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ይጠቅምሻል።» ወደ አባቷ ዞረና፣ «እንዲህ ያለች ልጅ ደብቀህ ነው እንዴ የምታኖረው?» አለው።

ያን ቀን ወደ ቤት ሲሄዱ አባቷ እግሩ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር።

ትምህርት ሲከፈት ነገሩን ለቁንጮ አወራችው። ቁንጮ ከፊቷ የሚቀመጥ ልጅ ነው፤ መሐል አናቱ ላይ ያለው ፀጉር ቢያበጥሩትም አልተኛ ስለሚል ነው ስሙ የወጣለት።

«ማለት፣ ሰዎቹ ሳያውቁ ትሰልያቸዋለሽ?» አለ።

«መሰለል አይደለም፣ ፋራ። የሚጽፉትን አያይም። ሰዓት ብቻ ነው የሚቆጥረው።»

«እሺ፣ አሪፍ ነው፣ አልካድኩም። እናቴ ስልኬ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ብትጭን ግን አላናግራትም።»

«አንተ የምትደብቀው ነገር ስላለህ ነዋ።»

«የሌለው ማን አለ?» አለና ትከሻውን ሰበቀ። መምህሩ ሲገባ ወሬው በዚያው ቀረ።

እታለም የምትሠራው ከድርጅቱ በር እንደገቡ በሚገኘው የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ነው። መኪናው የተገጨበት፣ ሱቁ የተቃጠለበት፣ ቧንቧ ፈንድቶ ዕቃው የራሰበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚቀርበው እሷ ዘንድ ነው። ለነሚጣ ደግሞ ጎረቤት ናት፤ እነሱ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሷ ሁለተኛ። የሚጣ እናት ነርስ ስለሆነች ተረኛ በሆነች ቁጥር ሚጣን ከመዋዕለ ሕፃናት የምታመጣት፣ የምታበላት፣ ፀጉሯን የምትሠራት እታለም ነበረች።

አንድ ቀን ሚጣ ከትምህርት ቤት መጥታ አባቷ እስኪጨርስ እታለም ጎን ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር። አንድ ሰውዬ ገባ። የዕቃ መጫኛ መኪናው መስቀለኛ መንገድ ላይ ተገጭታበታለች። እሱ አልተጎዳም፤ ግን አንዱን ነገር ጀምሮ ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል። እታለም ኪቦርዱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች።

«ቀስ ይበሉ ጋሼ። እኔ የትም አልሄድም። ከየት ነበር የሚመጡት?»

ባዶ ወረቀት ሰጠችው፤ መንገዱን ሳለላት። ሥዕሉ እየሞላ ሲሄድ ነገሩም መልክ ያዘ። ብዙ ቆይታ እታለም ኪቦርዱን ስባ አምስት ስድስት መስመር ጻፈች፤ አለቀ። ሰውዬው አመስግኖ ሲወጣ አጠገቧ ያለችው፣ ጠይሟ የሚሏት ባልደረባዋ ጣቶቿን ከኪቦርዱ ሳታነሣ «ይቺ ሴትዮ እኮ ሐኪም መሆን ነበረባት» አለች። ጠይሟ ደንበኛ አታነጋግርም፤ ከየክፍሉ የሚመጣውን ቅጽ ቀኑን ሙሉ ወደ ኮምፒዩተር ታስገባለች። ሁለቱ ጎን ለጎን መሥራት ሲጀምሩ ሚጣ ገና አልተወለደችም። ምሳ ዕቃቸውን አንድ ላይ ነው የሚከፍቱት።

ሚጣ ወደ ጎን የተገፋውን ኪቦርድ አይታዋለች። የሆነ ነገር በልቧ ሽው ብሎም ነበር። አባቷ ቦርሳውን ይዞ ብቅ ሲል ግን ረሳችው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አመሻሹ ላይ እታለም በራቸውን አንኳኳች። የሚጣ እናት ሥራ ላይ ነበረች። እታለም ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ የቀረበላትን ሻይ አልነካችም።

«ዛሬ ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶኝ ነበር» አለች ለሚጣ አባት። «ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹የቀኑን እኩሌታ ሥራ ፈትተሽ እንደምትቀመጪ መረጃ ደርሶኛል።› እኔን ነው እንግዲህ።»

አባቷ ስልኩን በእጁ አገላበጠ። «አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምን እላለሁ፣ አፌ ተሳሰረ። ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ምድር ቤት መዝገብ ክፍል ትወርጃለሽ ብሎኛል። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠይሟን አቁሞ ያመሰግናታል። ‹ሁሉም እንዳንቺ በሆነልኝ› ይላታል። ያኔ ገባኝ።»

«ምኑ?» አለች ሚጣ።

«ማን እንዳቀበለው ነዋ፣ የኔ ልጅ። ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ የሚያየኝ ሌላ ማን አለ? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አሉ። ልጇ የታመመ ጊዜ ሆስፒታል አብሬያት ያደርኩ ሰው ነኝ እኮ።»

ሚጣ አባቷን አየችው። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

እታለም ወርዳ የታችኛው በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ጠይሟ አይደለችም» አለች ሚጣ።

«አውቃለሁ።»

«ቆጣሪው ነው። የእታለም ሥራ ሰው ማዳመጥ ነው፣ እሱ ደግሞ ጣት ብቻ ነው የሚያየው። ስታዳምጥ ባዶ ነው የሚልክላት።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።» ተነሥቶ ያልተጠጣውን ሻይ አነሣ። «የበሩ ጠረጴዛ እንደሌላው አይደለም ብዬ ነግሬው ነበር። ‹ቁጥር አያዳላም› አለኝ። ከዚያ በላይ ምን ልበለው? ወሬው ከወጣ ደግሞ ከእኔ ሌላ የሚጠረጠር የለም።»

ማጠቢያው ጋ ደርሶ ቆመ። «የሷን ኮምፒዩተር ከቆጠራው ማውጣት ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው እናውጣት። ሲቆይ እሱም ይረሳዋል፤ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።»

በማግሥቱ ሚጣ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሄደችና አንድ መስመር ጨመረች፤ የበሩ ጠረጴዛ ላይ ስትደርስ ዝለል የሚል። ብዙም አልፈጀባትም። ስትነሣ ቀለል ብሏት ነበር።

የሻይ ሰዓት ነበር። ወደ በሩ ስትሄድ እታለም ወንበሯን አዙራ፣ ለጠይሟ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ጠይሟ ሁለት ብርጭቆ ይዛ መጣች፤ አንዱን እታለም ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። እታለም ቀና አላለችም። ደንበኛ ሲቀርብ ብርጭቆውን በወረቀት ጫፍ ገፋ አደረገችው።

ሚጣ ውጭ ደረጃውን ስትወርድ ጠይሟ ከኋላዋ ደረሰችባት።

«ሚጣ፣ እታለም ምን ሆና ነው? ከትናንት ጀምራ ዘግታኛለች። ጎረቤት ናችሁና ምን እንዳጠፋሁ ነግራችሁ ይሆን ብዬ ነው።»

«አላውቅም» አለች ሚጣ።

«ሳላውቅ አንድ ነገር ተናግሬ ይሆናል። ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ፤ ምንም አይመጣልኝም።»

«አላውቅም» አለች እንደገና። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ በቀላሉ ነው የወጣላት። እስከ ቤት ድረስ ሲከነክናት የሄደውም እሱ ነበር።

እታለም ከቆጠራው ወጣች፤ ሥራ አስኪያጁ ግን አልረሳም። ወሩ ሲገባ ምድር ቤት ወረደች፤ ጠረጴዛዋ ላይ ለጊዜው ሌላ ሰው ተቀመጠ። ከብዙ ወደ ትንሽ የሚደረደር ነገር ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚወጣ ሰው አለው።

«ትናንት ስልክ ተቀባዩን ልጅ አስጠርቶታል» አለ አባቷ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን እየቦረሸ። «እሱም ሥራ ይፈታል ተብሎ።»

«እሱም እኮ ሥራው ማውራት ነው።»

«አዎ።»

«እሱ ደግሞ ማንን ይጠረጥር ይሆን?»

አባቷ ሁለተኛውን ጫማ አነሣ። ሚጣ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። ከታች እታለም ከገበያ ስትመለስ ታየቻት፤ ሁለት ከረጢት ይዛለች። ቅዳሜ ገበያ የምትሄደው ከጠይሟ ጋር ነበር፤ ከረጢቶቹን አንድ አንድ ይዘው እየተሳሳቁ ነው የሚመለሱት።

«ልነግራት ነው አባዬ» አለች።

«ማንን?»

«እታለምን። ማንም እንዳላሳበቀባት። የሠራሁት እኔ እንደሆንኩም።»

አባቷ ብሩሹን አስቀመጠ። ሚጣ ፈቃድ አለመጠየቋን ሳያስተውል አልቀረም።

«ሠራተኛው እንዳያውቅ የተባለውን ሰምተሻል» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«ቅርንጫፎቹስ? የምስክር ወረቀቱስ?»

«እሱንም አስቤዋለሁ።»

የተቦረሸውን ጫማ አጠለቀ። «እንግዲያው የእኔን ስም አታንሺ» አላት በመጨረሻ።

«እሺ።»

በሩን ከፍታ ደረጃው ጋ ደርሳ ነበር ሲጠራት። አንድ እግሩን ጫማ አድርጎ፣ አንዱን በካልሲ በሩ ላይ ቆሟል።

«አንሺው» አለ። «የት ይቀራል፣ ታውቀዋለች። ሰኞ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁም ራሴ እነግረዋለሁ። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማ ይሻላል።»

«ቢያባርርህስ?»

«እሱን ያኔ እናያለን። ሂጂ።»

እታለም አንሶላ እያጠፈች ነበር። ሚጣ ስትወርድ አሳምራ ልታስረዳት አስባ ነበር፤ ፕሮግራም ከጀርባ ሲሠራ ማለት ምን እንደሆነ፣ ስክሪፕት ምን እንደሆነ። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጠይሟ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

እታለም የያዘችውን አላስቀመጠችም። ሚጣ ቆማ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት። ቆጣሪው ምን እንደሚያደርግ፣ እንዴት በአንዴ ሕንፃውን እንዳዳረሰችው፣ ዓርብ ዓርብ ቁጥሩ የት እንደሚሄድ። እታለም ሳታቋርጥ አዳመጠች፤ መኪናው የተገጨበትን ሰውዬ እንዳዳመጠችው።

«ቆይ እስቲ» አለች ሲያልቅ። «ወረቀት ላይ ስጽፍ ይቆጥርልኛል?»

«አይቆጥርም።»

«ሰው ሳናግርስ?»

«አይቆጥርም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የሚቆጥረው?»

«ጣት ኪቦርድ ሲነካ።»

እታለም አንሶላውን አጥፋ ጨረሰችና ከሌሎቹ በላይ ደረበችው። ትቆጣ አትቆጣ ለመለየት ያስቸግር ነበር።

«አባትሽ ያን ማታ ሳወራው ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«እንኳንም ሻዩን አልጠጣሁለት» አለች። ሚጣ መሳቅ ይኑርባት አይኑርባት አላወቀችም። እታለምም አልሳቀችም። ወንበር ስባ ቁጭ አለችና ፊቷን በመዳፎቿ ያዘች። «ያቺን ሴትዮ እኮ ስንት ቀን ሰላምታ ነፈግኳት። መዝገብ ክፍል ድረስ እየወረደች ታንኳኳለች፤ እንደሌለሁ ዝም እላለሁ።»

ሚጣ ይቅርታ ልትል አስባ ነበር፤ አሁን ግን ቃሉ ትንሽ ሆኖ ታያት። ጥቂት ቆይታ እታለም ተነሣች። ጫማዋን አደረገች፣ ቁልፏን አነሣች።

ጠይሟ የምትኖረው ከዋናው መንገድ ማዶ፣ ግድግዳው ያልተቀባ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሚጣ ሳትጠየቅ ተከተለቻት። እታለም ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው መንገዱን ተሻገሩ። ሕንፃው መግቢያ ላይ እታለም ዞር አለች።

«አንቺ ተመለሺ። ማሽኑን የጫንሽው አንቺ ብትሆኚም፣ የጠረጠርኳት እኔ ነኝ። ይሄኛው የእኔ ነው።»

ሚጣ እሺ አለች። የእታለም የእግር ድምፅ ከፎቅ ወደ ፎቅ እየራቀ ሄደ። በር ተንኳኳ፣ ተከፈተ። ቆይቶ የሴት ድምፅ ተሰማ፤ ዝቅ ያለ ስለነበር የማንኛዋ እንደሆነ ሚጣ አልለየችውም። በሩ ሲዘጋ ግን አልሰማችም።

ከመንገዱ ማዶ የነሱ መስኮት ይታያል። መሻገር ብቻ ነበር የቀራት። ጠይሟ ይህን ነገር ማን እንደሠራው መጠየቋ አይቀርም፤ ስትሰማ ደግሞ ያን ቀን ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ «አላውቅም» መባሏ ትዝ ይላታል።

ሚጣ ከመግቢያው ወደ ውስጥ ገባችና የታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ ከላይ ቢጠሯት በምትሰማበት ቦታ።